ጥንካሬ ወይስ አልካሊነት? የጎንደር የባዛልት ውሃና የቢራ ጠመቃ ኬሚስትሪ

መግቢያ

ከቢራ ይዘት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ቢራ ጥራት ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት ብቅል፣ ሆፕና እርሾ ናቸው፤ ውሃው ንጹሕና ለመጠጥ የሚበቃ እስከ ሆነ ድረስ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ለመጠጥ የሚበቃ ውሃ ሁሉ ግን ለጠመቃ ይበቃል ማለት አይደለም። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት የብቅሉን ኢንዛይሞች ሥራ፣ የቢራውን ቀለምና ምሬት፣ የእርሾውንም ጠባይ ይለውጣል።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ማሳያ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ የባዛልት አምባ ላይ ትገኛለች። በአንድ በኩል ስሙን ከራስ ዳሸን ተራራ የወሰደው የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በዘመናዊ ዘዴ ይጠምቃል፤ በሌላ በኩል ከአራዳ ጀምሮ በየሰፈሩ ጠላ ይጠነሰሳል። ከዚህ ሁሉ ጋር ከተማዋ በመጠጥ ውሃ እጥረት ለረጅም ጊዜ ስትቸገር የኖረች ናት።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። አንደኛው፣ «ጠንካራ ውሃ» እና «ለስላሳ ውሃ» የሚለው የተለመደ አመዳደብ ብቻውን ለጠማቂ አሳሳች መሆኑንና ወሳኙ ልኬት ቀሪ አልካሊነት የተባለው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ልኬት ለማስተካከል የሚመረጠው ዘዴ ውሃ በተቸገረ ከተማ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የውሃ ድርሻ ጥያቄም እንደሚሆን ነው።

የሚምታቱ ሁለት ልኬቶች

የውሃ ጥንካሬ ማለት በዋናነት በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች ድምር ነው። ልኬቱ በተለምዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ በሊትር ሚሊግራም ይገለጻል፤ የካልሲየሙ መጠን በ2.5፣ የማግኒዥየሙ ደግሞ በ4.1 ተባዝቶ ይደመራል። በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ውሃ ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ የሆነው በጣም ጠንካራ ይባላል። ሳሙና አልረግፍ ሲል ወይም በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር የቤት ሰው የሚያየው ይህንኑ ጥንካሬ ነው።

አልካሊነት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው አሲድ ሲጨመርበት ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚቋቋምበት አቅም ሲሆን፣ በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ይህን አቅም በአብዛኛው የሚሰጠው ባይካርቦኔት ነው። ጥንካሬ ስለ አዎንታዊ አዮኖች፣ አልካሊነት ስለ አሉታዊ አዮኖች ይናገራል። ሁለቱ የሚገናኙት ካልሲየሙ ወይም ማግኒዥየሙ ከባይካርቦኔት ጋር ሲጓዝ ነው፤ ይህ ጊዜያዊ ጥንካሬ ይባላል፤ ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚዘቅጥ ይቀንሳል። ከሰልፌት ወይም ከክሎራይድ ጋር የሚጓዘው ግን በማፍላት ስለማይወገድ ቋሚ ጥንካሬ ይባላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ሦስተኛ ሁኔታም አለ፤ ባይካርቦኔቱ ከሶዲየም ጋር ሲጓዝ። በዚህ ጊዜ ውሃው በጥንካሬ መለኪያ ለስላሳ ሆኖ ሳለ አልካሊነቱ እጅግ ከፍ ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ዐለቱ ለውሃው የሚሰጠው

የሰሜን ጎንደር ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የባዛልት ቅልጥ የተገነባ ነው። ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ከሥሮችና ከረቂቅ ተሕዋስያን አተነፋፈስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በባዛልቱ ውስጥ ያሉትን ሲሊኬት ማዕድናት ቀስ በቀስ ያፈርሳል፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ወደ ውሃው ይገባሉ፤ የማዕድኑ ቅሪት ሸክላ ይሆናል፤ አሲዱ ደግሞ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል። በመሆኑም በባዛልት ውስጥ ያለፈ ውሃ ዋነኛ አሉታዊ አዮኑ ባይካርቦኔት ሲሆን ሰልፌቱና ክሎራይዱ በአብዛኛው አነስተኛ ናቸው። ከባይካርቦኔቱ ከፊሉ ከሶዲየም ጋር ስለሚመጣም አልካሊነቱ ከጥንካሬው ሊበልጥ ይችላል።

በኖራ ድንጋይ አገር ነገሩ ይለያል። በመቀሌና በድሬዳዋ አካባቢ ውሃው የሚያልፍባቸው የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች ብዙ ካልሲየም ይሰጡታል፤ ጂፕሰም ባለበት ቦታ ደግሞ ሰልፌት ይጨመርበታል። የእነዚህ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ጠንካራነት የታወቀ ነው። ለጠማቂ ግን ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ሳይሆን «ካልሲየሙ ከማን ጋር መጣ?» የሚለው ነው።

በድፍድፉ ውስጥ የሚካሄደው ትግል

የተፈጨ ብቅል በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ኢንዛይሞቹ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራሉ። ሥራው በሚገባ የሚከናወነው የድፍድፉ ፒኤች ከ5.2 እስከ 5.6 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው። ፈዛዛ ብቅል ምንም ማዕድን በሌለው ውሃ ሲበጠበጥ ፒኤቹ 5.7 ወይም 5.8 ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ውሃው ይህን ቁጥር ወደ ታች ይገፋዋል ወይስ ወደ ላይ የሚለው ወሳኝ ይሆናል።

ካልሲየም ወደ ታች ይገፋል። በብቅሉ ውስጥ ካለው ፎስፌት ጋር ተዋሕዶ ካልሲየም ፎስፌት ሆኖ ሲዘቅጥ የሃይድሮጅን አዮኖችን ይለቅቃልና ድፍድፉ አሲዳማ ይሆናል። ማግኒዥየምም ይህንኑ ያደርጋል፤ ነገር ግን ፎስፌቱ ይበልጥ የሚሟሟ በመሆኑ ኃይሉ በግማሽ ያነሰ ነው። ባይካርቦኔት በአንጻሩ የሃይድሮጅን አዮኖችን ስለሚይዝ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋል።

ጀርመናዊው የጠመቃ ኬሚስት ፓውል ኮልባክ በ1953 እ.ኤ.አ. ይህን ትግል በአንድ ቀመር ገለጸው። አልካሊነቱ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ ቀሪ አልካሊነት ማለት ከጠቅላላው አልካሊነት ላይ የካልሲየሙ መጠን በ1.4 ተካፍሎ፣ የማግኒዥየሙም በ1.7 ተካፍሎ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። እዚህ ላይ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ በራሳቸው ሚሊግራም በሊትር ይወሰዳሉ። በግምት እያንዳንዱ 178 ሚሊግራም ቀሪ አልካሊነት ፒኤቹን በ0.3 ከፍ ያደርገዋል።

ፒኤቹ ከፍ ሲል ጉዳቱ በአንድ ቦታ አይቆምም። የስታርቹ መለወጥ ይዘገያል፤ አሰሩ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ከገለባው የሚጎመዝዝ ታኒን ይወጣል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ምሬቱ ይሻክራል። ካልሲየሙ ሲያንስ ደግሞ አልፋ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም በሙቀት ቶሎ ይዳከማል፤ እርሾው በመጨረሻው ላይ ተሰባስቦ መዝቀጥ ያዳግተዋል፤ በድፍድፉ ጊዜ መዝቀጥ የነበረበት ኦክሳሌት ወደ ቢራው ያልፍና በኋላ በጋኖች ግድግዳ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፣ ወይም ጠርሙሱ ሲከፈት ቢራውን ያስገነፍለዋል።

ሦስት ውሃዎች በስሌት

ልዩነቱን ለማየት ሦስት ምሳሌያዊ ውሃዎችን ማነጻጸር ይቻላል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የአንድ የተወሰነ ጉድጓድ ውጤቶች አይደሉም።

አንደኛው የባዛልት ዓይነት ውሃ ነው፤ ካልሲየም 36፣ ማግኒዥየም 12፣ አልካሊነት 190 ሚሊግራም በሊትር። ጥንካሬው 139 ይሆናል፤ ቀሪ አልካሊነቱ ደግሞ 157።

ሁለተኛው ጂፕሰም ያለበት ውሃ ነው፤ ካልሲየም 100፣ ማግኒዥየም 12፣ አልካሊነት 100። ጥንካሬው 299 ነው፤ ማለትም ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል። ቀሪ አልካሊነቱ ግን 22 ገደማ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የስምጥ ሸለቆ ዓይነት ውሃ ነው፤ ካልሲየም 8፣ ማግኒዥየም 3፣ አልካሊነት 300። ጥንካሬው 32 ብቻ ስለሆነ ለስላሳ ይባላል፤ ቀሪ አልካሊነቱ ግን 293 ይደርሳል።

በጥንካሬ ተራ ቢደረደሩ ምርጡ ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ሁለተኛው በሆነ ነበር። ለፈዛዛ ቢራ በሚደረገው ምርጫ ግን ተራው ፈጽሞ ይገለበጣል። ሁለተኛው «በጣም ጠንካራ» ውሃ የድፍድፉን ፒኤች ከ0.04 በላይ አያነሣም፤ አንደኛው በ0.26 ገደማ ያነሣዋል፤ ለስላሳ የተባለው ሦስተኛው በ0.5 አካባቢ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የጥንካሬን ውጤት ብቻ ይዞ ለጠመቃ ውሃ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ የማይስማማውን ሊመርጥ ይችላል።

የቀደሙ ጠማቂዎች መልስ

ይህ ኬሚስትሪ ሳይታወቅ በፊት ጠማቂዎች ለውሃቸው የሚስማማውን ቢራ በልምድ አግኝተዋል። በቦሔሚያ የምትገኘው ፒልዘን ማዕድን የሌለው ያህል ለስላሳና አልካሊነቱ ዝቅተኛ የሆነ ውሃ አላት፤ በ1842 እ.ኤ.አ. ወርቃማው ፒልስነር የተወለደው በዚያ ነው። በእንግሊዝ የበርተን ውሃ ካልሲየሙ በሊትር ከ250 ሚሊግራም የሚያልፍ፣ በጂፕሰም የበለጸገ ሲሆን ለፈዛዛና መራራ ቢራ ተስማምቷል። ባይካርቦኔት የሚበዛባት ደብሊን ግን በጥቁር ቢራ ታወቀች። እህል ሲቆላ አሲዳማ ውሁዶች ስለሚፈጠሩበት የተቆላው ብቅልና ገብስ የውሃውን አልካሊነት ያጠፋውና ድፍድፉን ወደ ትክክለኛው ክልል ይመልሰዋል።

ከዚህ አንጻር ጠላን ማየት ትምህርት ሰጪ ነው። ገብስ ተቆልቶ አሻሮ ይደረጋል፤ ዱቄቱም በእንኩሮነት ወይም ጠቆር ብሎ በበሰለ ቂጣነት ወደ ጥንስሱ ይገባል። ይህ የመቁላትና የማጥቆር ሥራ ለጣዕምና ለቀለም ከሚሰጠው በተጨማሪ እንደ ደብሊኑ ቢራ ሁሉ አሲድነት ይጨምራል። ከዚህ በላይ ደግሞ በጠላ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጥበትና ስኳሩ የሚብላላበት ደረጃ እንደ ፋብሪካው ቢራ ተለያይተው የሚካሄዱ አይደሉም። በጥንስሱ ውስጥ የሚራቡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ፒኤቹን ከ5 በታች ያወርዱታልና ባይካርቦኔቱ ብዙም ዕድሜ የለውም። የጌሾ ምሬትም ከሆፕ አልፋ አሲዶች ሳይሆን ከሌሎች ውሁዶች፣ በተለይም ገሾኢዲን ከተባለው የሚመነጭ በመሆኑ የሆፕ ምሬት በውሃው አልካሊነት የሚደርስበትን ነገር ለጌሾ እንዳለ መተርጎም አይቻልም። በአጭሩ፣ የጠላ አሠራር ባይካርቦኔት ለበዛበት የደጋ ውሃ መልሱን በውስጡ ይዟል። ፈዛዛ ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ ግን የተቆላ እህልም የባክቴሪያ አሲድም ስለማይጠቀም ውሃውን አስቀድሞ ማረም ይኖርበታል።

የማረሚያ መንገዶችና ወሰናቸው

የመጀመሪያው መንገድ ውሃውን ማፍላት ወይም የተጠፋ ኖራ መጨመር ነው። ሁለቱም ባይካርቦኔትን ከካልሲየም ጋር አጣምረው ያዘቅጣሉ። ካልሲየሙ አነስተኛ በሆነበት የባዛልት ውሃ ላይ ግን ብዙ አይረዱም። ከላይ የተጠቀሰው አንደኛው ውሃ ካልሲየሙ ከ36 ወደ 20 ሚሊግራም እስኪወርድ ቢፈላ አልካሊነቱ ከ190 ወደ 150 ይወርዳል፤ ካልሲየሙም አብሮ ስለቀነሰ ቀሪ አልካሊነቱ ከ157 ወደ 129 ገደማ ብቻ ዝቅ ይላል። ከሶዲየም ጋር ያለውን ባይካርቦኔት ደግሞ ማፍላትም ሆነ ኖራ አያስወግደውም። ይህ ሁሉ ነዳጅ ወጥቶበት የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ካልሲየም ሰልፌት ወይም ካልሲየም ክሎራይድ መጨመር ነው። በ1 ሊትር 100 ሚሊግራም ጂፕሰም 23 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ይህም ቀሪ አልካሊነቱን በ16 ገደማ ያወርደዋል። ለኢንዛይሙና ለእርሾው የሚያስፈልገውን ካልሲየም ስለሚያሟላ ጠቃሚ ነው፤ 157ን በጨው ብቻ ለማጥፋት መሞከር ግን የቢራውን ጣዕም ያበላሻል።

ሦስተኛው መንገድ አሲድ ነው። ላክቲክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦ ያስወጣዋል። አልካሊነትን ከ190 ወደ 40 ለማውረድ በሊትር 3 ሚሊኢኩዊቫለንት አሲድ ይበቃል፤ ይህም ለ1 ሄክቶሊትር ውሃ 27 ግራም ያህል ንጹሕ ላክቲክ አሲድ ማለት ነው። ውሃ አይባክንበትም፤ መሣሪያውም ቀላል ነው። ወሰኑ የአሲዱ ጨው በጣዕም የሚታወቅበት ደረጃ ነው።

አራተኛው መንገድ ውሃውን በግፊት በስስ ገለፈት ማሳለፍ፣ ማለትም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ማዕድኑን ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚያስቀር ጠማቂው የፈለገውን ውሃ ከባዶ ይሠራል። ዋጋው ግን በውሃ ይከፈላል፤ ከገባው ውሃ ውስጥ በተለምዶ ከ20 እስከ 25 በመቶው ማዕድኑን ተሸክሞ ይወገዳል። አንድ ምሳሌያዊ ፋብሪካ በዓመት 1 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ቢጠምቅና ለእያንዳንዱ ሄክቶሊትር ቢራ የሚያስፈልገውን 1.3 ሄክቶሊትር የጠመቃ ውሃ ሁሉ በዚህ ዘዴ ቢያዘጋጅ፣ በ25 በመቶ ቅሪት ስሌት በዓመት 43,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወገዳል። ይህ በቀን 118 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ ከ2,300 በላይ ሰዎችን ያጠጣል።

እንዲህ ሲባል ዘዴው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከጠመቃ ውሃው ከፊሉን ብቻ በገለፈቱ አሳልፎ ካልታከመው ጋር መቀላቀል፣ የተረፈውን አልካሊነት በአሲድ ማረም፣ የሚወገደውንም ለወለል እጥበትና ለመሰል አገልግሎት ማዋል ብክነቱን በብዙ ይቀንሰዋል። ማንኛውም የቢራ ፋብሪካ ለ1 ሊትር ቢራ በድምሩ ብዙ ሊትር ውሃ ስለሚጠቀም፣ በተለምዶም ከ4 እስከ 7 ሊትር ስለሚደርስ፣ የማረሚያው ምርጫ በዚህ ጠቅላላ ሒሳብ ውስጥ መታየት ይኖርበታል።

ከፍታው በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። በጎንደር ከፍታ ውሃ ክዳኑ ባልታፈነ ዕቃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሆፕ አልፋ አሲዶች ወደ መራራው ቅርጻቸው የሚለወጡበት ፍጥነት በዚህ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሲነጻጸር በጉልህ ይቀንሳል። ፒኤች ከፍ ሲል ይህ ለውጥ ይፋጠናልና አልካሊነቱን ሳያርሙ መተው ጥቅም ሊመስል ይችላል። የሚገኘው ምሬት ግን ሻካራ ነው፤ ጉድለቱን የማፍያ ጊዜን ወይም የሆፕን መጠን በመጨመር መሙላት ይሻላል።

ወቅት የሚለውጠው ውሃ

ለጎንደር ከተማ ውሃ ከሚቀርብባቸው ዋና ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ሲሆን፣ ከላይ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በሚታጠብ ደለል የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ ቆይቷል። ከጉድጓዶች የሚወጣ ውሃም በተጨማሪ ይቀርባል፤ ለዓመታት በግንባታ ላይ የቆየው የመገጭ ግድብም እጥረቱን ያቃልላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል።

ይህ የአቅርቦት ሁኔታ ለጠማቂ የሚያስከትለው ነገር አለ። በክረምት የግድቡ ውሃ በዝናብ ስለሚቀጥን ማዕድኑ ይቀንሳል፤ ድፍርሱን ለማጥራት የሚጨመረው አልም፣ ማለትም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ በየሚሊግራሙ ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊነት ስለሚያጠፋ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። በበጋ ትነቱ ሲበረታና የጉድጓድ ውሃ ድርሻ ሲጨምር ደግሞ አልካሊነቱ ወደ ላይ ያዘነብላል። በመስከረም ለተለካ ውሃ የተቀመመ የአሲድ መጠን በሚያዝያ ላይበቃ፣ የሚያዝያው ደግሞ በመስከረም ሊበዛ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ናሙና ለዚህ ዓይነት ውሃ በቂ መመሪያ አይሆንም።

ደግነቱ መለኪያው ውድ አይደለም። ጠቅላላ ጥንካሬ በኢዲቲኤ፣ አልካሊነት ደግሞ ፒኤቹ 4.3 ገደማ እስኪደርስ በተመጠነ አሲድ ይለካል፤ ሁለቱም በማንኛውም የማስተማሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። ጥንካሬው ወደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተከፍሎ ሲታወቅ ቀሪ አልካሊነቱ በአንድ መስመር ስሌት ይገኛል። በግድቡ፣ በማጣሪያው መውጫና በጉድጓዶቹ ላይ ለአንድ ዓመት በየወሩ የሚወሰድ ልኬት ለፋብሪካም ለከተማው ውሃ አገልግሎትም የሚጠቅም የወቅት ካርታ ያስገኛል።

ማጠቃለያ

የውሃ ጥንካሬ ስለ ሳሙናና ስለ ማንቆርቆሪያ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ቢራ ግን የሚናገረው እኩሌታውን ብቻ ነው። በባዛልት ደጋ ላይ ለሚጠመቅ ፈዛዛ ቢራ ዋናው ችግር የካልሲየም መብዛት ሳይሆን ባይካርቦኔቱ ከካልሲየሙ መብለጡ ነው። በመሆኑም ውሃውን «ማለስለስ» የሚል ዓላማ ይዞ መነሣት የተሳሳተ መድኃኒት ወደ መምረጥ ይመራል፤ ካልሲየሙን የሚያስወግድ ማለስለሻ ባይካርቦኔቱን ትቶ ለቢራው የሚጠቅመውን ያወጣልና። ካልሲየም በመጠኑ መጨመርና አልካሊነቱን በአሲድ ማረም፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከፊሉን ብቻ በገለፈት ማሳለፍ፣ ከኬሚስትሪውም ከከተማዋ የውሃ እጥረትም ጋር የሚስማማ ቅደም ተከተል ነው።